የተረጨው ግድግዳ

እህቴ ሥራዋን ሰው ሲጠይቃት «ቢንቢ አረባለሁ» ነበር የምትለው። ጠያቂው ሳቅ ይልና የቀረውን ይጠብቃል። የቀረ የለም። እውነትም ቢንቢ ታረባ ነበር፣ ሌላው ሰው ዶሮ እንደሚያረባው።

የወባ መቆጣጠሪያ ጣቢያው ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ያለ፣ ቆርቆሮው ዝጎ ያለቀ ሕንፃ ነው። ከጓሮው ጥግ ያለችው ጠባብ ክፍል የእሷ ነበረች። ሁለት በር አላት፤ ቢንቢዎቹ እንዳያመልጡ አንዱ ሳይዘጋ ሌላው አይከፈትም። ውስጡ ይሞቃል፣ እርጥብ ፎጣ ይንጠለጠልበታል፣ የረጋ ውሃ ይሸታል። መደርደሪያው ላይ በየሳህኑ እጭ ይርመሰመሳል። ከበላዩ ነጭ መረብ የለበሱ ሳጥኖች አሉ፤ በየሳጥኑ ፊት እጅ የሚገባበት የጨርቅ እጅጌ ተሰፍቷል። እጅጌዎቹን የሰፋሁት እኔ ነኝ። ልብስ ሰፊ ነኝ። ለሙሽራም ሰፍቻለሁ፣ ለአስከሬንም ሰፍቻለሁ፤ ለቢንቢ መስፋት ግን የእህቴ ዕዳ ነው።

ሰፈሩ «የቢንቢ እናት» ይላታል። እኔ እትዬ ነው የምላት። እናታችን ስትሞት ገና ልጅ ነበርኩ፤ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ባለቤቷ ጥሏት ሲሄድም አላለቀሰችም። ያን ሰሞን ጣቢያው ተቀጠረች፣ ልጇን ጀርባዋ ላይ አዝላ የኩሬ ውሃ በጭልፋ እየቀዳች እጭ መልቀም ጀመረች። «ልጆቼን ላብላ» ትልና ክንዷን እስከ ክርኗ ወደ ሳጥኑ ትሰዳለች። ቢንቢዎቹ ክንዷን ይወርሩታል፣ እሷ ቁጭ ብላ ሬዲዮ ትሰማለች።

«አንቺ ሴትዮ፣ ወባ ቢይዝሽስ?» እላታለሁ።

«እነዚህ ጨዋ ናቸው፤ ከእኔ ሌላ ሰው ቀምሰው አያውቁም» ትለኛለች።

ይህን ሁሉ የማወራው ለጨዋታ አይደለም። ኋላ የመጣብን መዓት የመጣው ከእነዚሁ ጨዋዎች ነው።

ጣቢያው ውስጥ ሁለት ዓይነት ቢንቢ ነበር፤ ቤት ያደገና ሜዳ ያደገ። ቤት ያደጉት እትዬ በክንዷ የምታበላቸው ናቸው። ትውልድ በትውልድ ላይ ሲያልፍ እዚያችው ክፍል ውስጥ ነው፤ መድኃኒት በአጠገባቸው አልፎ አያውቅም። ስለዚህ ትንሽ ሲነካቸው ይረግፋሉ። የሚጠቅሙትም ለዚሁ ነው፤ መድኃኒት የተነከረው ወረቀት ጉልበት እንዳለው ይፈተንባቸዋል። ሜዳ ያደጉት ግን ሌላ ናቸው። እነሱ ሰው የሚነክሱት፣ ወባ የሚያዞሩት ናቸው። ቤት በተረጨ ቁጥር መድኃኒቱን እየቀመሱ፣ ደካማው እየሞተ ጠንካራው እየወለደ፣ የሚለምዱበት ጊዜ አለ። በየዓመቱ ከርጭቱ በፊት እጫቸው ከየመንደሩ ይለቀማል፣ ጣቢያው ውስጥ እስኪፈለፈል ይጠበቃል፣ ቢንቢው ወረቀቱ ወደተጠቀለለበት ቱቦ ይገባል። በማግስቱ ይታያል። ከሞቱ መድኃኒቱ ይሠራል፣ ርጭቱ ይቀጥላል። ካልሞቱ መድኃኒቱ ይቀየራል። የእትዬ አለቃ ወጣት ነው፣ ፊቱ ገና የተማሪ ነው፣ ግን በዚህ ጉዳይ ቀልድ አያውቅም። «የሜዳው ለብቻ፣ የቤቱ ለብቻ፤ አንዲት እንኳ እንዳትቀላቀል» ይል ነበር። ልክ ነበር።

አሁን ስለ ድንቡሼ ልንገራችሁ። ድንቡሼ የእትዬ አንድያ ልጅ ናት። ስሙን ያወጣሁላት እኔ ነኝ፤ ሕፃን እያለች ጉንጯ ዓይኗን ይሸፍነው ነበር። አድጋ እንደ እንጨት ቀጠነች፣ ስሙ ግን አልለቀቃትም። ከወንዙ ማዶ ላለ ጡብ ሠሪ ተዳረች። ደግ ሰው ነው፣ ዝምተኛ፣ እጁ ሁልጊዜ ጭቃ የነካው። ቤታቸው ከጡብ ማምረቻው ጎን ነው። ጡብ ሠሪ አፈር ይቆፍራል፣ ጉድጓዱ ዝናብ ሲመጣ ውሃ ይቋጥራል፣ የቋጠረው ውሃ ቢንቢ ይፈለፍላል። እትዬ ልጇን የዳረችው ዕድሜዋን ሙሉ ከምታሳድደው ጠላት ጉያ ነበር። «ሰው አጥተሽ ነው?» ብያት አውቃለሁ። «ልጅቷ ወደደችው፤ ምን ላድርግ?» አለችኝ።

ድንቡሼ የመጀመሪያውን ፅንስ ያጣችው በወባ ነው። ወባ ነፍሰ ጡር ላይ ትጨክናለች፤ እትዬ ይህን ከማንም በላይ ታውቃለች። ስለዚህ ድንቡሼ ዳግመኛ ማርገዟን ስትነግራት አልሳቀችም፣ እልል አላለችም። መጀመሪያ የጠየቀችው «አጎበርሽ ተቀዷል ወይስ ደህና ነው?» ብላ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ በልቧ ያለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ዝናቡ ሳይገባ የማዶው ቤቶች ግድግዳ እንዲረጭ። ቢንቢ ከነከሰች በኋላ ከብዷት ግድግዳ ላይ ነው የምታርፈው። ግድግዳው መርዝ ከያዘ እዚያው ትቀራለች።

የዚያን ዓመት ለሙከራው የማዶን እጭ ልትለቅም ሄደች። ከልጇ ቤት ጎን ካሉት ጉድጓዶች ቀዳች፣ በክዳን ባልዲ ሞልታ መኪና ላይ ጫነች። ሲመለሱ መኪናው ወንዙ ዳር ሞተሩ ጠፋ። ሾፌሩ ከሥሩ ገብቶ ሲታገል ፀሐዩ አናት ይበሳ ነበር። እትዬ ነጠላዋን አርጥባ ባልዲዎቹን ሸፈነች፣ ከጥላ ወደ ጥላ ተሸከመቻቸው፤ ወንዝ ዳር ደግሞ ምን ጥላ አለ? ጣቢያው ሲደርሱ አብዛኛው እጭ ተቀቅሎ ከሥር ዘቅጧል። ከተረፈው የተፈለፈለው ቢንቢ ቱቦዎቹን አይሞላም።

ተመልሳ መሄድ ነበረባት። ግን መኪናው ጋራዥ ገብቷል። አለቃዋ ደግሞ ለስብሰባ ተጠርቷል፤ የትኛው መንደር በዚህ ዙር ይረጭ፣ የትኛው ይታለፍ የሚወሰንበት ስብሰባ ነው። ውጤት ያልቀረበለት መንደር ይታለፋል። ዝናቡ ሰማይ ላይ እየተንጠለጠለ፣ የድንቡሼ ሆድ እየገፋ፣ ማዶ ሊታለፍ ሆነ።

እትዬ ክፍሏ ገባች፣ ሁለቱንም በር ዘጋች። ጎዶሎውን ቤት ባደጉት ሞላችው።

ማንም አላወቀም። ቢንቢ መታወቂያ የላትም፤ የሜዳውም የቤቱም አንድ ናቸው ለዓይን። በማግስቱ ቱቦዎቹ ሥር ሬሳ ተነጥፎ ነበር። ጥቂቶች ግን ቆመው ነበር። ከመረቡ ተጣብቀው፣ ደህና ሆነው፣ ክንፋቸውን እያራገፉ። የትኞቹ እንደሆኑ የገባት ያኔውኑ ነው። እኔ ሳልጨምር ሳልቀንስ እንደነገረችኝ ነው የምነግራችሁ፦ «ገብቶኛል፤ ግን እንዳልገባኝ ሆንኩ» አለችኝ። ከሞቱት ብዛት የተነሣ ውጤቱ «መድኃኒቱ ይሠራል» ሆኖ ወጣ። አለቃዋ አመስግኗት ወደ ስብሰባው ሄደ። ማዶ እንዲረጭ ተወሰነ።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላል ሰው። እትዬ ያፈሰሰችው የሚለቀም አልነበረም።

ርጭቱ ሲጀመር አብሬያት ማዶ ሄድኩ። ረጪዎቹ ጭምብልና ቦቲ ጫማ አድርገው፣ ፓምፓቸውን ጀርባቸው ላይ አዝለው ከቤት ቤት ይዞራሉ። የድንቡሼ ዕቃ ሁሉ ውጭ ወጥቶ ግቢው ገበያ መስሏል። እሷ ትልቅ ሆዷን ይዛ ዛፍ ሥር ተቀምጣለች፣ ባሏ አልጋውን ብቻውን ይሸከማል። ግድግዳው ደርቆ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ለበሰ። እትዬ እየዞረች አየችው። «እንዳታጥቢው፣ ጭቃም እንዳትለቀልቂው» አለቻት።

«እሺ እማ።»

«አጎበሩም ይኑር።»

«እሺ አልኩሽ እኮ! ስንት ጊዜ ነው እሺ የምልሽ?» አለችና ሳቀች። እትዬም ሳቀች። እህቴ ላይ ያን ሰሞን የመሰለ ደስታ አይቼባት አላውቅም። ውሃ ሲወስድ አሳስቆ ነው።

ዝናቡ ገባ። ጉድጓዶቹ ሞሉ። ዝናቡ ጋብ ባለበት ሰሞን አንድ ጠዋት የድንቡሼ ባል ሱቄ ድረስ መጣ። ሮጦ ነው የመጣው፤ ጭቃው እስከ ጉልበቱ ደርሷል። «ትንቀጠቀጣለች፤ ሰውም አልለይ አለች» አለኝ። መቀሱን ጨርቁ ላይ እንደሰካሁት ተነሣሁ፣ እትዬን ከጣቢያው ይዣት በጣቢያው መኪና ተሻገርን።

ድንቡሼ አልጋው ላይ እንደ ምድጃ ትነዳለች። ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል። ስጠራት ዓይኗን ትከፍትና በእኔ በኩል ሌላ ሰው ታያለች። አጎበሩ ግን አልጋው ላይ የለም። «የት ሄደ?» አልኩት ባሏን።

«ለጎረቤታችን ለአራሷ ሰጠቻት» አለኝ። «የእኛ ግድግዳ እናቴ ያስረጨችው ነው፣ እሷ ደግሞ ሕፃን ታቅፋለች አለች።» አራሷ በርጭቱ ዕለት ምጥ ላይ ስለነበረች ቤቷ ቆይቶ ነው የተረጨው።

ልጅቷን በብርድ ልብስ ጠቅልለን ልናነሣ ጎንበስ ስንል እትዬን አጣኋት። ዞር ብል ከግድግዳው ፊት ቆማለች። ከቦርሳዋ የቢንቢ መሳቢያዋን አውጥታ አፏ ውስጥ ሰክታለች፤ አንደኛው ጫፍ የጎማ፣ ሌላኛው የመስተዋት የሆነ ቱቦ ነው። ደሜ ፈላ። «አንቺ ሰው ነሽ? ልጅሽ እየሞተች ቢንቢ ትለቅሚያለሽ?» ብዬ ጮህኩባት።  መስተዋቱን ወደ ብርሃኑ አቀናችው። ውስጡ ሆዷ በደም የተወጠረ ቢንቢ ነበረች። ነጩ ግድግዳ ላይ፣ ሶፋ ላይ እንደተቀመጠ ሰው ተደላድላ የነበረችው እሷ ናት።

መኪናው ውስጥ የልጅቷን ጭንቅላት እኔ ታቀፍኩ። እትዬ እግሯን ይዛ መስተዋቱን ታያለች። መንገዱን ሙሉ አየችው። ቢንቢዋ አልሞተችም። ሆስፒታሉ በር ስንደርስ አሁንም በእግሯ ቆማ ነበር። ያኔ እትዬ ቱቦውን ከጫማዋ ሥር አድርጋ አደቀቀችው። እኔ እንደተናደድኩ ነኝ፤ ያየችው ነገር ምን እንደሆነ ገና አልገባኝም። ሆስፒታሉ አግዳሚ ላይ ቁጭ ብለን ሁሉንም ነገረችኝ። ስለ ባልዲው፣ ስለ ቱቦው፣ ቆመው ስላደሩት።  ልመታት ፈለግሁ፣ ላቅፋት ፈለግሁ። ተነሥቼ ውሃ ላመጣ ሄድኩ።

ስመለስ ድንቡሼ ግሉኮስ ተሰክቶላት ትንሽ ነፍስ ዘርታ ነበር፤ አወራችን፣ ውሃ ጠጣች። ተረፈች ብለን ነበር። ሐኪሙ ግን የፅንሱን ልብ ሲያዳምጥ ቆይቶ ማዳመጫውን ከጆሮው አወረደ። ከዚያ በኋላ ትኩሳቱ ወደ ጭንቅላቷ ወጣ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። እናትና ልጅ አብረው ሄዱ።

ቀጥሎ ጣቢያው ውስጥ የሆነውን አስቀድሜ ልናገርና ልገላገለው። እትዬ ለአለቃዋ ነገረችው። ልጁ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ፊቱን በእጁ ሸፈነ አሉ። ከዚያ ራሱ ማዶ ሄዶ እጭ ለቀመ፣ የሜዳውን ለብቻ ፈተነ፤ ቢንቢዎቹ ከቱቦው ውስጥ እየበረሩ ወጡ። መድኃኒቱ ተቀየረ፣ ማዶ እንደገና ተረጨ። እትዬን ማንም አልከሰሳትም። በጤና ምክንያት ብለው በጡረታ አሰናበቷት፣ የምስጋና ወረቀትም ሰጧት። ወረቀቱን ስታመጣ ቀድጄ ጣልኩት። መጮህ የሚገባቸው ቦታ ላይ ያመሰገኑ ሰዎች ናቸው።

ያን ሁሉ ከመናገሯ በፊት ግን የቀብሩ ማግስት ነበር። ማዶ፣ የድንቡሼ ግቢ ውስጥ፣ ለቅሶ ላይ ነን። ሰዉ በአግዳሚ ተደርድሮ ተቀምጧል፣ ሕፃናት በየእናቱ ጭን ተኝተዋል። የድንቡሼ ባል ከጡብ ክምሩ ጋ ተቀምጦ መሬት መሬት ያያል። እትዬ ከአጠገቤ ናት። ከመጣን ጀምሮ እንባ አልወጣትም።

አራሷ ጎረቤት ልጇን ታቅፋ መጣች። ክንዷ ላይ የታጠፈ አጎበር አለ። እትዬ ፊት ተንበርክካ አለቀሰች፣ አጎበሩን አግዳሚው ላይ አስቀመጠች።

«እማማ፣ እግዜር ያጽናዎት» አለች። «ይሄ የእሷ ነው፤ አጥቤ መልሼዋለሁ። አሁን የእኔም ቤት ተረጭቷል፣ ምን ያደርግልኛል? እርስዎ ባያስረጩልን ይሄኔ ስንቶቻችን በሄድን። የእሷ የእግዜር ቁጣ ነው።»

ሌሎቹ ሴቶችም «እውነት ነው፣ እውነት ነው» አሉ። አንዷ የእትዬን እጅ ሳመች።

እትዬ እጇን ነጠቀቻት። ተነሣች። ቁመቷ አጭር ነው፤ ያን ቀን ግን ግቢው ሙሉ ሰው ያያት ነበር።

«ግድግዳው አይሠራም» አለች። «ስሙኝ። መድኃኒቱ የእናንተን ቢንቢ አይገድልም። እኔ ነኝ ይገድላል ያልኩት። የእናንተ ቢንቢ መንገድ ላይ ሲሞትብኝ የእኔን ጨምሬ ፈተንኩ። ማዶ እንዳይታለፍ ብዬ። ለእሷ ብዬ። ወደየቤታችሁ ሂዱና አጎበር ስቀሉ፤ የሌላችሁ ጣቢያው ድረስ ኑ። ልጄን እኔ ነኝ የገደልኳት።»

 ቀሚሷን ጎተትኩ፣ «ተቀመጪ እትዬ፣ በሞቴ» አልኳት። አልተቀመጠችም።

የድንቡሼ ባል ተነሣ። ወንዶቹ ሊመታት ነው ብለው አብረውት ተነሡ። እሱ ግን መጥቶ ፊቷ ቆመ፣ እጁን እንኳ አላነሣም።

«እሷ ይሄን ታውቅ ነበር?» አላት።

«ታውቅ ነበር» አለች እትዬ። «ሆስፒታል ትንሽ የተሻላት ጊዜ ነግሬያታለሁ።»

እኔም ያን ጊዜ ነው የሰማሁት። ለካ ውሃ ላመጣ ስወጣ ነው።

«ምን አለችዎት?»

 «‹እማ፣ ለእሱ አትንገሪው› አለችኝ። ‹እሱም ከጠላሽ ሰው አይኖርሽም› አለችኝ።»

አንዲት ሴት ጮኻ አለቀሰች። 

«ታዲያ ለምን ነገሩኝ?» አላት የድንቡሼ ባል።

እትዬ በእጇ ወደ አራሷ አመለከተች። «ያ ሕፃን ዛሬም እዚሁ ነው የሚያድረው» አለችው።

 ከዚያ አጎበሩን ከአግዳሚው ላይ አነሣ፣ መዶሻውንና ሚስማሩን ከቤት አወጣ፣ ከአራሷ ጋር ሄዶ ሰቀለላት። የመዶሻው ድምፅ እኛ ጋ ይሰማ ነበር። ሲመለስ በእትዬ አጠገብ አለፈ፣ ቀና ብሎም አላያት። ከዚያ ቀን ወዲህ ተነጋግረው አያውቁም።